ጾመ ነቢያትን በዝግጅት መቀበል፦ ከኅዳር ሚካኤል እስከ ገና ሌሊት የሚያገለግል የቤት መመሪያ

ዐቢይ ጾም ሲመጣ አገሩ ሁሉ ያውቃል፤ ቅበላው አለ፣ ሥጋ ቤቱ ይዘጋል። ፍልሰታንም ሕፃን ሽማግሌው በናፍቆት ይጠብቃታል። የገና ጾም ግን በመኸር ሥራና በትምህርት ግርግር መካከል ድምፁን ሳያሰማ ይገባል፤ ብዙዎቻችንም መግባቱን የምናውቀው አንድ ጠዋት ባልንጀራችን «ዛሬ እኮ ጾም ነው» ሲለን ነው። ከዚያ በኋላ የወጡን ዓይነት ለውጠን እንሰነብትና የመጨረሻውን ሳምንት በገበያ ጨርሰን፣ በገና ሌሊት በደከመ ጉልበትና በተበተነ ልብ ቤተ ክርስቲያን እንቆማለን። እኔም ለብዙ ዓመታት የጾምኩት በዚህ ዓይነት ስለነበር፣ ከዚህ በታች የምጽፈው ቀስ በቀስ በቤታችን ያስተካከልነውን ነው።

ይህ ጾም የመጠበቅ ጾም ነው። አዳም ከገነት ሲወጣ «አምስት ቀን ተኩል» ተብሎ የተሰጠውን ተስፋ፣ አባቶች 5500 ዘመን ብለው የተረጎሙትን፣ ነቢያት እየጾሙና እየጸለዩ በየዘመናቸው ጠበቁት። የምዕራቡ አብያተ ክርስቲያናት ከእነርሱ ገና በፊት ባሉት አራት እሑዶች «አድቬንት» ብለው የሚያስቡትን የጌታን መምጣት፣ የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን በነቢያት ስም በሰየመችው ጾም ትጠብቀዋለች። ስለዚህ በዝግጅቱ ውስጥ ስለሚያደርጉት ነገር ሁሉ ራስዎን የሚጠይቁት አንድ ነገር ነው፦ ይህ ነገር ቤቴን እንግዳ እንደሚጠብቅ ቤት ያደርገዋል ወይ?

ቀኑን መቁጠር

ጾሙ ኅዳር 15 ቀን ገብቶ እስከ ገና ዋዜማ፣ እስከ ታኅሣሥ 28 ቀን ድረስ ይቆያል፤ ገና ታኅሣሥ 29 ቀን ይውላል። ይህ ሲቆጠር 44 ቀን ነው። ከዚህ ውስጥ 40ው የነቢያት፣ 3ቱ በግብፅ በፓትርያርኩ በአብርሃም ሶርያዊ ዘመን የሙቀጠም ተራራ እንዲነሣ ምእመናን የጾሟቸው፣ የመጨረሻው 1 ቀን ደግሞ የልደት ገሃድ፣ ማለት የዋዜማው ጾም፣ እንደሆነ አበው ያስተምራሉ።

በየአራት ዓመቱ በሚመጣው በዘመነ ዮሐንስ ግን ገና ታኅሣሥ 28 ቀን ይውላል። ከዚያ በፊት ያለፈችው ጳጉሜን 6 ቀን ስለምትሆን፣ ከመጋቢት 29 ቀን ፅንሰት እስከ ልደት ያለው 9 ወር ከ5 ቀን እንዳይዛነፍ በዓሉ አንድ ቀን ይቀድማል። 2016 ዓ.ም. እንዲህ ነበር፤ 2020 ዓ.ም.ም እንዲሁ ይሆናል። በእንዲህ ያለው ዓመት የጾሙን መግቢያ ቀን አስቀድመው ከደብርዎ ይጠይቁ።

አሁን አንድ ወረቀት ወስደው 44ቱን ቀን በተርታ ይጻፉና በመካከሉ የሚውሉትን በዓላት ያመልክቱ፦ ኅዳር 21 ጽዮን ማርያም፣ ታኅሣሥ 3 በዓታ፣ ታኅሣሥ 19 ገብርኤል፣ ታኅሣሥ 22 ብሥራት፣ ታኅሣሥ 24 የአቡነ ተክለ ሃይማኖት ልደት። ወደ ቍልቢ ወይም ወደ ላሊበላ ለመሄድ ያሰበ ሰው መንገዱንና ማደሪያውን ከዚህ ወረቀት ላይ ሆኖ አሁኑኑ ይወስን። የስብከት፣ የብርሃንና የኖላዊ ሳምንታትንም ለይተው ያስምሩ፤ ስብከት ከታኅሣሥ 7 እስከ 13፣ ብርሃን ከ14 እስከ 20፣ ኖላዊ ከ21 እስከ 27 ነው። ወረቀቱ ሁሉም በሚያየው ግድግዳ ላይ ይለጠፍ።

ከመግባቱ በፊት የሚያዩዋቸው ሰዎች

ከቍስቋም፣ ማለት ከኅዳር 6 ቀን፣ እስከ ኅዳር ሚካኤል ባሉት ቀናት ንስሐ አባትዎን ሄደው ይዩ። አንድ ዓመት ይህን እስከ መጨረሻው ሳምንት አቆይቼ ታኅሣሥ 27 ቀን ስሄድ ከፊቴ ብዙ ሰው ተሰልፎ ነበር፤ ተራዬ ሲደርስ አባ ደክሟቸው ሳይ በልቤ የያዝኩትን ግማሹን ሳልናገር ተመለስኩ። ጥፋቱ የእኔ ነበር። በኅዳር መጀመሪያ ግን ካህኑም ጊዜ አላቸው፣ የሚሰጡትም ቀኖና በጾሙ ውስጥ የሚፈጸም ይሆናል፤ በገና ሌሊት ለመቁረብ ለሚያስብ ሰው ከዚህ የተሻለ መንገድ አላውቅም።

ሲሄዱ ሦስት ነገሮችን ለይተው ይጠይቁ። የመጀመሪያው በየቀኑ እስከ ስንት ሰዓት እንደሚጾሙ ነው፤ ሙሉ ቀን ቆሞ የሚውል የቀን ሠራተኛና በቢሮ ተቀምጦ የሚውል ሰው አንድ ዓይነት ምክር ላይሰጣቸው ይችላል። ሁለተኛው የዓሣ ነገር ነው፤ በዚህ ጾም ዓሣ የሚበሉም የማይበሉም ስላሉ ከጎረቤት ጋር ከመከራከር የራስን ካህን ቃል ይዞ መኖር ይሻላል። ሦስተኛው ስለ ጤና ነው። ነፍሰ ጡር፣ የምታጠባ እናት፣ የስኳር ወይም የጨጓራ ሕመምተኛ ያለበትን ሁኔታ ሳይደብቅ ይናገር፤ መድኃኒት በሰዓት የሚወስድ ሰው ደግሞ ከካህኑ በፊት ሐኪሙን ያማክር፤ የኪኒኑን ሰዓት በራሱ ፈቃድ አያዛውር።

ከዚህ የሚከብደው እርቅ ነው። በቤተ ዘመድ መካከል ሰላምታ ያቋረጡት ሰው ካለ ጉዳዩን ለገና ማለዳ አያቆዩት። እርቅ ሽማግሌ ይፈልጋል፣ ቀጠሮ ይፈልጋል፣ አንዳንዴም የመጀመሪያው ሙከራ ሳይሳካ ቀርቶ ሁለተኛ መሄድ ያስፈልጋል። ኅዳር ላይ የጀመረ ሰው 44 ቀን አለው። ሽማግሌ ሲመርጡ ሁለቱም ወገን የሚያፍሩትንና የሚያከብሩትን ሰው ይምረጡ፤ ለእርስዎ የሚያደላ ከሆነ ደጋግመው ቢልኩትም ውጤት አያመጣም።

ማእድ ቤት

የጾሙ ምግብ አስቀድሞ ካልተሰናዳ፣ በየቀኑ «ዛሬ ምን እንሥራ» የሚለው ጭንቀት የእናትን ወይም የእኅትን ጾም ሙሉ በሙሉ ይበላዋል። ሌላው ቤተሰብ ሲጸልይ እርሷ ምድጃ ላይ ናት። ስለዚህ ሽሮው፣ በርበሬው፣ ምስሩና ክኩ ከኅዳር 15 በፊት ተለቅሞ፣ ተፈጭቶ በየዕቃው ይቀመጥ፤ ወቅቱ የመኸር በመሆኑም አዲስ ጥራጥሬ ወደ ገበያ መግባት የሚጀምርበት ነው። የሳምንቱ ቀናት ወጥ በወረቀት ተጽፎ ይሰቀል፤ በወረቀቱም ላይ ማን በየትኛው ቀን እንደሚሠራ፣ ወንዶቹም ልጆች ጭምር፣ ይጻፍ።

ሁለት ነገሮችን ግን በዝርዝር ልጻፍ፤ ሁለቱም አስቀድሞ ለተዘጋጀ ቤት እጅግ ይጠቅማሉ። አንደኛው ሱፍ ነው። ሱፉ ተለቅሞና ታጥቦ ከደረቀ በኋላ በለስላሳ እሳት ይታመሳል፤ መዓዛው መውጣት ሲጀምር፣ ሳይጠቁር ይወርዳል፤ ካረረ ጭማቂው ይመራል። ከዚያ ተወቅጦ ወይም ተፈጭቶ በወንፊት ይነፋና ዱቄቱ በደረቅ ዕቃ ይቀመጣል። በሚፈለግበት ቀን ለብ ባለ ውሃ በጥብጦ በንጹሕ ስስ ጨርቅ መጥለል ነው። ጨርቁን ሁለት ሰው ግራና ቀኝ ይዞ ቢጠመዝዘው ነጩ ውሃ ወተት መስሎ ይወርዳል፤ አተላው ላይ ውሃ ጨምሮ አንድ ጊዜ መድገምም ይቻላል። በዚህ ላይ ጨው፣ በቀጭኑ የተከተፈ ቃሪያና ጥቂት ዝንጅብል ተጨምሮ እንጀራ ሲፈተፈትበት፣ ከቤተ ክርስቲያን ደክሞ የመጣ ሰው እሳት ሳያነድ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ማዕድ ይቀርብለታል።

ሁለተኛው ስልጆ ነው። ከላይ እንደተባለው የተጠለለው የሱፍ ውሃ ይፈላና የባቄላ ዱቄት እየተነሰነሰ፣ እንዳይጓጉል ሳያቋርጡ እያማሰሉ እንደ ቀጭን ገንፎ እስኪሆን ይበስላል። ፈጽሞ ከቀዘቀዘ በኋላ በውሃ የተበጠበጠ ሰናፍጭ፣ የተወቀጠ ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብልና ጤና አዳም ይገባበታል፤ በንጹሕ ማሰሮም ተከድኖ ጥቂት ቀናት ይቀመጣል፣ እየኮመጠጠም ይጣፍጣል። ትኩስ ሳለ ሰናፍጩን የጨመረ ሰው ያንን የሚያስነጥስ ኃይሉን ያጠፋዋል። በኅዳር ሚካኤል ማግስት የተሠራ ስልጆ ለጾሙ መግቢያ ይደርሳል።

በዚሁ አጋጣሚ አንድ ነገር ማለት እፈልጋለሁ። የጾም ኬክ፣ የጾም ወተት፣ የጾም በርገር በበዛበት በዚህ ዘመን፣ ከፍስኩ ቀን የበለጠ ወጪና የበለጠ ልፋት ያለበት የጾም ማዕድ መሥራት ይቻላል። አንዳንዴ ለእንግዳ ወይም ለልጅ ቢደረግ ክፉ አይደለም፤ ዘወትር ከሆነ ግን ሆዳችን የሚጠብቀው ነገር አጥቶ ስለማያውቅ ነቢያቱ ምን ይጠብቁ እንደነበር ሊገባን አይችልም። በሳምንት ሁለት ቀን፣ ለምሳሌ ረቡዕና ዓርብ፣ ቤቱ ሁሉ ንፍሮ ወይም ቆሎና በሶ ብቻ እንዲበላ መወሰን በቤታችን ከማንኛውም ነገር የበለጠ ጠቅሞናል።

ንባብና ጸሎት

ውዳሴ ማርያምንና መዝሙረ ዳዊትን በየዕለቱ የሚያደርስ ሰው ልማዱን ይቀጥል። ዳዊቱን በቀን ተከፍሎ ለማድረስ የሚፈልግ የታወቀው አከፋፈል ሰኞ ከ1 እስከ 30፣ ማክሰኞ ከ31 እስከ 60፣ ረቡዕ ከ61 እስከ 80፣ ሐሙስ ከ81 እስከ 110፣ ዓርብ ከ111 እስከ 130፣ ቅዳሜ ከ131 እስከ 150 ነው፤ እሑድ የነቢያት ጸሎትና መኃልየ መኃልይ ይደርሳል። ለጀማሪ ይህ ብዙ ነው። በሦስተኛው ቀን ደክሞ ሁሉንም ከሚተው፣ በቀን ሦስትና አራት መዝሙር ቢያደርስ በ44 ቀን ውስጥ 150ውንም ይጨርሳል።

ለቤተሰብ በጋራ የሚሆነው ግን፣ በእኔ እምነት፣ የነቢያቱን መጻሕፍት ራሳቸውን ማንበብ ነው። በስማቸው እየጾምን ቃላቸውን አለማንበባችን ያሳዝነኛል። ከኅዳር 15 እስከ ታኅሣሥ 6 ያለው ጊዜ 22 ቀን ነው፤ ትንቢተ ኢሳይያስ ደግሞ 66 ምዕራፍ ነው። በቀን ሦስት ምዕራፍ የሚያነብ ቤት ልክ በስብከት ዋዜማ ኢሳይያስን ይፈጽማል። ማታ ከእራት በፊት አንድ ሰው ድምፁን ከፍ አድርጎ ያንብብ፤ ሌላው ይስማ። ስለ ባቢሎን፣ ስለ ሞዓብ፣ ስለ ጢሮስ የሚናገሩት ምዕራፎች ሲደርሱ ሰው ይሰለቻል፤ አይዝለሉት። ከዚያ ሁሉ የፍርድ ቃል በኋላ ምዕራፍ 40 ላይ «አጽናኑ፥ ሕዝቤን አጽናኑ» የሚለው ሲነበብ፣ እስከዚያ የታገሠ ጆሮ የሚሰማው ሌላ ነገር ነው። ምዕራፍ 7፣ 9፣ 11 እና 53 የሚነበቡባቸውን ቀናት በግድግዳው ወረቀት ላይ ቀድመው ያመልክቱና በእነዚያ ቀናት ለማብራራት ጊዜ ይተዉ። ምዕራፍ 58 ደግሞ የጾምን ነገር ራሱን ስለሚናገር ብቻውን ሁለት ጊዜ ቢነበብ ይገባዋል።

በስብከት ሳምንት ትንቢተ ሚክያስ ይነበብ፤ ሰባት ምዕራፍ በመሆኑ ለሰባት ቀን ይበቃል፣ የቤተ ልሔምም ነገር በአምስተኛው ቀን ይገኛል። በዚህ ሳምንት ውስጥ በሚውለው እሑድ በቅዳሴ «ፈኑ እዴከ እምአርያም»፣ ማለት «እጅህን ከአርያም ላክ»፣ የሚለው ምስባክ፣ ከዳዊት መዝሙር የተወሰደው ቃል፣ ይሰበካል። በብርሃን ሳምንት «ፈኑ ብርሃነከ ወጽድቀከ» ይባላል፤ በቤት የትንቢተ ሚልክያስ አራት ምዕራፎችና የዮሐንስ ወንጌል የመጀመሪያው ምዕራፍ ቢነበቡ የጽድቅን ፀሐይ ከእውነተኛው ብርሃን ጋር አገናኝቶ ለማየት ይረዳል። በኖላዊ ሳምንት «ኖላዊሁ ለእስራኤል አጽምዕ» ይሰበካልና ሕዝቅኤል 34ን ከዮሐንስ ወንጌል 10 ጋር ያንብቡ፤ በቀሩት ቀናት ደግሞ የሉቃስንና የማቴዎስን የመጀመሪያ ምዕራፎች። ምስባኮቹን በመዝሙረ ዳዊት ሲፈልጉ የቁጥሩ ነገር እንዳያደናግርዎት፦ በግእዙ ዳዊት 79 የሆነው በአንዳንድ የታተመ መጽሐፍ ቅዱስ 80 ሆኖ ይገኛል።

ልጆች ባሉበት ቤት

ከሰባት ዓመት በታች ያለ ልጅ የመጾም ግዴታ የለበትም፤ መጠበቅን ግን ከዚያም በፊት ሊማር ይችላል። በቤታችን ሁለት ብርጭቆ በመስኮት ላይ እናስቀምጣለን፤ በአንደኛው 44 የሽምብራ ፍሬ ይደረጋል። ማታ ንባቡ ሲያልቅ ትንሹ ልጅ አንድ ፍሬ ከአንዱ ብርጭቆ ወደ ሌላው ያዛውራል። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ግድ አይሰጠውም፤ ጾሙ ሲጋመስና ሁለቱ ብርጭቆዎች እኩል ሲሆኑ ግን ራሱ ቀድሞ ብርጭቆው ዘንድ ቆሞ «ንባቡ አላለቀም?» ይላል። ፍሬ ማዛወሩ ከንባቡ በኋላ ብቻ እንዲሆን ይጠንቀቁ፤ ቀድሞ ከተፈቀደ ንባቡን የሚጠብቅ አይኖርም። ቴሌቪዥኑና ስልኩ በማታው ሰዓት የሚዘጋ ከሆነ ደግሞ የአዋቂዎቹም ይዘጋ።

ምጽዋት

ያልተበላው ቁርስ ዋጋ አለው። በየቀኑ በካፌ ለሻይና ለዳቦ የሚያወጡትን በዚያው ሰዓት በሙዳይ ይጨምሩ፤ በወር መጨረሻ በግምት ለማውጣት የተወ ሰው ሳያወጣው ይቀራል። ሙዳዩን ታኅሣሥ 20 ገደማ ይክፈቱና ገንዘቡን ለታሰበው ሰው በእጅ ይስጡ። በገና ዕለት የሚሰጥ ምጽዋት መልካም ቢሆንም፣ ችግረኛው ቤት ዘይትና ዱቄት የሚገዛው ከበዓሉ በፊት ነው፤ ገበያውም በየቀኑ ይወደዳል። በቤትዎ ሠራተኛ ካለች፣ ወደ ዘመዶቿ የምትሄድበትንና የምታስቀድስበትን ቀን ከእርሷ ጋር አሁን ይነጋገሩ። እርሷም የምትጠብቀው በዓል አላት።

በውጭ አገር ለሚጾሙ

ኅዳር 15 በፈረንጆቹ ኅዳር 24 ቀን ይውላል፤ አንዳንድ ዓመት 25። በአሜሪካ ያሉ ወገኖቻችን ስለዚህ ጾሙን ብዙ ጊዜ የሚጀምሩት በምስጋና ቀን ሳምንት ነው፤ ከዚያም የመሥሪያ ቤት ግብዣ ይከተላል፤ የፈረንጆቹ ገና ራሱ ከጾሙ በ32ኛው ቀን ላይ ይመጣል። በየግብዣው ላይ ከመጨነቅ አስቀድሞ ለአዘጋጁ በአጭሩ መናገር፣ ወይም የራስን ምስር ወጥ ለብዙ ሰው በሚበቃ መጠን ሠርቶ መውሰድ ቀላሉ መንገድ ነው። ልጆች በትምህርት ቤት ስጦታና ጣፋጭ ሲቀበሉ «የእኛ ገና ገና ነው» ብሎ የሚያስረዳቸው ያው የሽምብራው ብርጭቆ ነው። የእኛ ገና በፈረንጆቹ ጥር 7 ቀን፣ ሁሉም ወደ ሥራ በተመለሰበት ሰሞን ስለሚውል የዕረፍት ጥያቄውን ከኅዳር ጀምሮ ያስገቡ።

በዓረብ አገር በሰው ቤት የምትሠሩ እኅቶች ማእድ ቤቱ የእናንተ ስላልሆነ ፈተናችሁ የተለየ ነው። ሩዝ፣ ፉል፣ ምስርና ተምር በየቤቱ አይጠፉም፤ ከእነዚህ የምትበሉትን ለይታችሁ ያዙ። ለሌላው ሥጋ ስትሠሩ መቅመስ ግድ ከሆነባችሁ፣ ወይም የጾሙ ሰዓት ከሥራው ጋር ካልተስማማ፣ ልባችሁን ሳታስጨንቁ በስልክም ቢሆን ለንስሐ አባታችሁ ነግራችሁ የሚሏችሁን ፈጽሙ።

የኖላዊ ሳምንት

ይህን ሳምንት ከገበያ ነፃ ማድረግ የዝግጅቱ ሁሉ ፍሬ ነው። ጠላ የሚጠመቅ ከሆነ ጥንስሱ ከበዓሉ ሁለት ሳምንት ያህል ቀድሞ ይጣል። ቅቤው በብርሃን ሳምንት ይነጠር፤ ሽንኩርቱና እንቁላሉ እስከ ታኅሣሥ 22 ተገዝቶ ይግባ፤ ዶሮው ወይም በጉ ብቻ ለመጨረሻ ይቅር፤ እርሱንም ከቤቱ አንድ ሰው ወጥቶ ይግዛው፣ ሌላው ይረፍ። ነጠላውና ቀሚሱ ታጥቦ፣ ጧፉ ተገዝቶ ይቀመጥ። የሚቆርብ ሰው 18 ሰዓት ከምግብና ከውሃ እንደሚታቀብ አስቦ የዋዜማውን የመጨረሻ ማዕድ ሰዓት አስቀድሞ ይወስን። ከቅዳሴ መልስ ደግሞ 44 ቀን ቅባት ያላየ ሆድ በአንድ ጊዜ በዶሮ ወጥ እንዳይጎዳ፣ አስቀድሞ የሚቀመስ ለስላሳ ነገር፣ ለምሳሌ የአጃ አጥሚት፣ በፔርሙዝ ይዘጋጅ።

በገሃድ ዕለት ከሰዓት በኋላ ቤቱ ጸጥ ይበል፤ አቅም ያለው ይተኛ፣ ሌሊቱ ረጅም ነውና። ሲመሽ ሁሉም ለብሶ ከተሰበሰበ በኋላ ከሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 2 የመጀመሪያዎቹን 20 ቁጥሮች ያንብቡ። ከዚያ ትንሹ ልጅ የመጨረሻውን ሽምብራ ያዛውር፤ መብራቱን አጥፍታችሁም ወደ ቤተ ክርስቲያን ሂዱ።